«የማን ልጅ ነህ?» ቡሄ በሦስት ትውልድ

ነሐሴ 12 ቀን ማታ የእርስዎ ቤት በር ይንኳኳል? በኮንዶሚኒየም ወይም በአፓርታማ የሚኖሩ ከሆነ መልሱን ከወዲሁ ሳያውቁት አይቀሩም። ጥበቃው ልጆቹን ከግቢው በር ይመልሳቸዋል። ቢያልፉም ሦስት አራት ሆነው ይመጡና ዜማው ገና ሳይሞቅ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ እርስዎም 50 ብር ሰጥተው በሩን መለስ ያደርጋሉ። ልጅዎ ከሶፋው ላይ ሆኖ «ማነው?» ይላል። «ሆያ ሆዬ ናቸው» ይሉታል። እሱም ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

በዚህ ወር በየቢሮው ቡና ሲጠጣ የሚሰማ ቅሬታ አለ። ቡሄ ድሮ ቀረ፤ ሙልሙሉ ብር ሆነ፤ የዛሬ ልጆች ግጥሙን አያውቁትም ይባላል። እኔ ከዚህ ቅሬታ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ሙልሙሉ በሳንቲም መተካት የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ እኛ ልጆች ሳለንም ደጋግመን የምንቆጥረው ሳንቲሙን ነበር። ግጥምም ቢሆን በየዘመኑ ይለወጣል። በእኔ እምነት ትልቁ ለውጥ ያለው በሩ ላይ ነው፤ ማን ለማን ልጅ እንደሚከፍት። ይህን ለማየት ደግሞ እኔ ካደግሁበት ከመተማ ቆላ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከደጋ የወረደ በዓል

መተማ ከጎንደር ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሱዳን ድንበር ላይ ያለ ቆላ ነው። ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ከወደቁበት ታሪክ ነው። ነጋዴው ደግሞ በሰሊጡና በጥጡ ያውቀዋል። የእኛ ነሐሴ የደጋውን ነሐሴ አይመስልም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ብርድ ግን የለም። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ ጫማ ከእግር ይነቅላል። ሰሊጡ የሚታረምበት ወቅት በመሆኑ ከተማው ከየአገሩ በመጡ የቀን ሠራተኞች ይሞላል። ወባም አለ።

አገሩ ጉሙዞች ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት ነው። ከዚያ ውጭ ግን ብዙው ነዋሪ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከጭልጋ፣ ከደምቢያ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ለእርሻና ለንግድ የወረደ አለ። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በነበረው የሰፈራ ፕሮግራም የመጣም አለ። ቡሄም ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው ከደጋ የወረደው።

የአባቴ ቡሄ ጭልጋ ላይ የቀረ ቡሄ ነው። እረኛ ነበር። ጅራፉን የሚገምደው ራሱ ነው፤ በሐምሌ መጨረሻ ልጥ ልጦ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ አለስልሶ። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ሲገባ ከየኮረብታው ጅራፍ መጮህ ይጀምራል። አንዱ መንደር ሲያጮህ ማዶ ያለው ይመልስለታል። በበዓሉ ዕለት የሁለት መንደር ጎረምሶች ሜዳ ላይ ይወጡና ይገራረፋሉ። አባቴ ባቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ዛሬም ሱሪውን ሰብስቦ ያሳያል፤ ማን እንደገረፈው በስም ይጠራዋል፤ ሰውዬው ኋላ የልጁ የክርስትና አባት ሆኗል።

ትርጓሜውን አብዛኞቻችን በልጅነት ሰምተነዋል። ክርስቶስ በደብረ ታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን ሲገልጥ አካባቢው ስለበራ፣ እረኞቹ መምሸቱን ሳያውቁ ሜዳ ላይ ቀሩ ይባላል። ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ችቦው የዚያ ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የተሰማው የአብ ድምፅ፣ ሙልሙሉም ለልጆቹ የተያዘው ዳቦ ምሳሌ ነው። በዓሉ በፍልሰታ ጾም መካከል ስለሚውል ሙልሙል ቅቤም ወተትም የማይነካው የጾም ዳቦ ነው። የክርስትና ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ለእሱ ለብቻው ያስጋግራል። ከዚህ ሁሉ አንዱን ነገር ብቻ ያዙልኝ፤ ትውፊቱ የሚጀምረው ደጅ ባመሸ ልጅና ሊፈልገው በወጣ ወላጅ ነው።

በአባቴ መንደር ልጆቹ ደጃፍ ቆመው ሲያዜሙ ማን መሆናቸውን የሚጠይቅ አልነበረም። ሴትዮዋ ከውስጥ ሆና በድምፁ ብቻ ታውቀዋለች። በጋ ላይ ላሟን ያሳተባት እሱ ነው። ማሽላዋን ከዝንጀሮ የጠበቀላትም እሱ ነው። ጥያቄው የመጣው ቆላ ከተወረደ በኋላ ነው።

ሳሎን የሌለው ከተማ

እኔ ሆያ ሆዬ የጨፈርሁት በ1990ዎቹ አጋማሽ መተማ ዮሐንስ ላይ ነው። ከገለባት፣ ማለትም ከሱዳን በኩል ካለችው ከተማ፣ የሚለየን አንድ ወራጅ ውኃና አንድ ድልድይ ብቻ ነበር።

የደጋው ልጥ ስለማይገኝ ጅራፋችንን የምንገምደው ከሰሊጥ ጆንያ በተተረተረ ክር ነው። ድምፁ ከአባቴ ጅራፍ ጋር አይወዳደርም፤ እሱ ራሱ ሲሰማው ፊቱን ያጨማድድ ነበር። ስንዴ ከደጋ በመኪና የሚመጣ ውድ ነገር ስለሆነ እናቶች ሙልሙሉን የማሽላ ዱቄት ቀላቅለው ይጋግሩታል። ስለዚህ የመተማ ሙልሙል በማግሥቱ ይፈረፈራል። ከላዩ ግን ሰሊጥ ይነሰነስበታል፤ ይህን የትም አላየሁም፤ ዛሬም ቤቴ ስጋግር እነሰንስበታለሁ።

መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባሉት ቤቶች ተጀምሮ፣ በነጋዴዎቹ ሱቅ በኩል፣ ወደ መናኸሪያው። ከሁሉም የሚሻለው የቀን ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ግቢ ነበር። በአንድ ክፍል አሥርና ከዚያ በላይ ሰው በሰሌን ላይ የሚተኛበት ነው። ገንዘብ የላቸውም ብለው አይናቁት። ቀኑን ሙሉ አርመው የመጡ የጎጃምና የወሎ ጎልማሶች እኛን ሲሰሙ ከምንጣፋቸው ተነሥተው ይቀበሉናል፤ አውራጅነቱን ነጥቀው ግጥሙን በየአገራቸው ወግ ያወርዱታል፤ እኛ «ሆ!» ባዮች ሆነን እንቀራለን። አንዱ ጎልማሳ ጨፍሮ ጨፍሮ ሲያበቃ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ዝም ሲል አይቻለሁ። ቤቱን ትቶ የመጣ ሰው መሆኑ የገባኝ አድጌ ነው። ከዚያ ግቢ ስንወጣ ኪሳችን ስሙኒና ሽልንግ ብቻ ነው፤ ግን አዲስ ግጥም ይዘን ነበር የምንወጣው።

የሙስሊም ነጋዴዎች ቤትም አይዘለልም። እኛ ሰፈር የነበሩ አንድ ሐጂ ዜማውን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ምርቃቱንም ተቀብለው «አሚን» ብለው፣ ከሱቃቸው ተምር ይዘግኑልን ነበር። ልጃቸውም አብሮን ይጨፍራል። ምሽቱ ከቀናን መኪናውን መናኸሪያ ያሳደረ የሱዳን ሹፌር እናገኛለን። ቋንቋውን ባይሰማም ጭፈራው ይገባዋል፤ የሱዳን ዲናር ይሰጠናል። በማግሥቱ ዲናሩን ይዘን መንዛሪዎቹ ጋ መሄድና ስንት ብር እንደሚያወጣ መከራከር የበዓሉ ሁለተኛ ክፍል ነበር። በኋላ ገበያ የሚባለውን ነገር በዩኒቨርሲቲ ስማር፣ የምንዛሬ ተመንን በመጀመሪያ ያየሁት በቡሄ ማግሥት እንደሆነ ትዝ ብሎኝ ስቄያለሁ።

በሩ ሲከፈት ግን ከምንም በፊት የሚመጣው ጥያቄ ነው። ሴትዮዋ ኩራዟን ወይም ባትሪዋን ከፍ ታደርግና ፊታችንን አንድ በአንድ ታያለች። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ትላለች። የምታውቀውን ታልፈዋለች። የማታውቀውን «ከወዴት ነው የመጣችሁት? እናትህስ ደኅና ናት?» ትለዋለች። አንድ ዓመት ከጎጃም ገና የመጡ ቤተሰቦች ልጅ ተቀላቀለን። ድምፁ ያማረ፣ ግጥሙ የማያልቅበት ነበር፤ በአንድ ሌሊት አውራጃችን ሆነ። በሳምንቱ እናቱ እኛ ቤት ቡና ተጠርታ አየኋት፤ ብዙም ሳይቆይ ዕድር ገባች። እናቴ ስታስተዋውቃት «የዚያ የሆያ ሆዬው ልጅ እናት» ነበር ያለችው። ቡሄ ለአዲስ መጤ ቤተሰብ ከቀበሌ መታወቂያ በፊት የሚወጣ መታወቂያ ነበር።

በየአገሩ በር የሚያንኳኳ ልጅ

ይህ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር። ድልድዩን ተሻግረው ያሉት ልጆችም የራሳቸው አላቸው። በሱዳን የረመዳን የመጨረሻው ሐሙስ «ረሕመታት» ይባላል። ቤተሰብ ለሞቱ ዘመዶቹ መታሰቢያ ምግብ ያዘጋጃል፤ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ እየዘመሩ ተምርና ምግብ ይቀበላሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በረመዳን አጋማሽ ልጆች ከረጢት አንጠልጥለው ለውዝና ጣፋጭ የሚለምኑበት ምሽት አለ። በድሮዋ እንግሊዝ ድሆችና ልጆች በሙታን መታሰቢያ ሰሞን በየደጃፉ እየዞሩ ለሞቱት ይጸልዩና ትንንሽ ቂጣ ይቀበሉ ነበር። ልጅዎ በፊልም የሚያውቀው ሃሎዊን፣ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ማታ ልጆቻቸውን ጭንብል አልብሰው ከረሜላ የሚያስለምኑበት በዓል፣ ከሥሮቹ አንዱ ይኸው ነው። ዜማ፣ ዳቦ፣ ምርቃት። ከሙልሙል ምን ያህል ይርቃል?

የሃሎዊን ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን ግን በሌላ ምክንያት ነው። አሜሪካኖቹም በአያቶቻቸው ዘመን ለልጆቹ የሚሰጡት ቤት የተጋገረ ኩኪስና ፖም ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን «የማያውቁት ሰው ለልጅዎ መርዝ ወይም ምላጭ ያለበት ነገር ይሰጠዋል» የሚል ፍርሃት ተሰራጨ። በቤት የተሠራ ነገር ከቦርሳው ወጥቶ ይጣል ጀመር፤ በፋብሪካ የታሸገ ከረሜላ ቦታውን ያዘ። ጆኤል ቤስት የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር የዓመታቱን የጋዜጣ ዘገባ አንድ በአንድ መርምረው በ1985 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን አሳተሙ። እንግዳ ሰው በሰጠው የሃሎዊን ጣፋጭ የሞተ ወይም ክፉኛ የተጎዳ ልጅ አላገኙም። በ1974 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በተመረዘ ከረሜላ የሞተው የስምንት ዓመት ልጅ ገዳይ የገዛ አባቱ ነበር። ፍርሃቱ ግን አልጠፋም። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን የሚወስደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ ነው። ወላጆች የመኪናቸውን የኋላ ሳጥን ከፍተው ይቆማሉ፤ ልጆቹ ከመኪና ወደ መኪና ይዞራሉ። የሚንኳኳ በር የለም።

የእነሱ ፍርሃት ማስረጃ አልነበረውም። የእኛ ቆላ ፍርሃት ግን ማስረጃ ሞልቶታል።

ጅራፍ የማይጮህበት ነሐሴ

በመተማ መስመር ባለፉት ዓመታት ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የተለመደ ወንጀል ሆኗል። ሹፌር ይታገታል፤ ነጋዴ ይታገታል፤ ገበሬ ከሰሊጥ ማሳው ይወሰዳል፤ ልጅም ሳይቀር። ከዚህ ላይ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዚያ ዓመት ቡሄ የዋለው አዋጁ በወጣ በ15ኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግጭት እርስዎም ያውቁታል።

እህቴ ገንዳ ውኃ ነው የምትኖረው፤ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ልጆቹ አሁንም ሆያ ሆዬ ይላሉ። የሚሉት ግን በቀን ነው፤ ከጧቱ አራት ሰዓት ይወጡና ለምሳ ይመለሳሉ። የሚሄዱት አራት ቤት ብቻ ነው፤ አራቱም የዘመድና የቅርብ ወዳጅ ናቸው። አጎታቸው ከኋላ ይከተላቸዋል። ችቦ የለም። ጅራፍ ደግሞ ጭራሽ ተከልክሏል። ከልካዩ መንግሥት አይደለም፤ እናቶቹ ናቸው። «ሲጮህ ተኩስ ይመስላል» አለችኝ በስልክ። «አንዱ ደንግጦ ቢተኩስስ?» የትልቁ ልጇ ትምህርት ቤት ስለ ባህላዊ በዓላት ሥዕል አሠርቶ ነበር። የቡሄን ሥዕል ሲሠራ ጅራፉን እንደ ገመድ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገው። ሲጮህ አይቶት አያውቅማ!

ይህን ስሰማ የእረኞቹ ትውፊት ትዝ ይለኛል። በትውፊቱ ወላጆች ፍለጋ የሚወጡት ልጅ በብርሃን ተታልሎ ስላመሸ ነው። እህቴ ልጆቿ እንዳያመሹ በቀን ታስጨፍራቸዋለች። ማንም ሊፈርድባት አይችልም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የተለየ አላደርግም።

በወዲያኛው በኩል ያለውም ከዚህ አይሻልም። የሱዳን ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት የረመዳን የመጨረሻ ሐሙስ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን፣ ማለትም ጦርነቱ በጀመረ በስድስተኛው ቀን ነበር። በረሕመታት በየቤቱ ሊዞሩ ከነበሩት ልጆች መካከል ስንቶቹ በዚያው ሰሞን በገለባት በኩል ድልድዩን ተሻግረው ወደ መተማ እንደገቡ እግዜር ይወቀው። ኩመርና አውላላ በሚባሉት መጠለያዎች ድንኳን እንጂ የሚንኳኳ በር አልነበረም።

በባነር ሥር የሚጨፈር ሆያ ሆዬ

ወደ ከተማው እንመለስ። አዲስ አበባ ላይ እገታውና ሰዓት እላፊው በመተማ ልክ የለም፤ በሩ ግን ተዘግቷል። የሚዘጋው በትልቅ ምክንያት አይደለም። የግቢ ጥበቃ አለ፤ አሳንሰር አለ፤ ጎረቤትን በስም አለማወቅ አለ፤ በማግሥቱ ሥራ አለ።

ባዶውን የሞላው ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ነሐሴ ሲቃረብ ጠረጴዛችን ላይ የቡሄ ዝግጅት ፕሮፖዛል ይደረደራል፤ መድረክ፣ የድምፅ ማጉያ፣ አርማ የታተመበት ቲሸርት፣ ከጀርባ ባነር፣ ለልጆች ፊት መቀባት። ሙልሙሉን የሚያቀርበው ኬክ ቤት ነው። ይህን ሁሉ ላጥላላው አልፈልግም። ከነዚህ ዝግጅቶች በአንዳንዶቹ ልጆቹ አለባበሳቸው ሲያምር፣ ወላጆች ሲደሰቱ አይቻለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤቶችም የቡሄን መዝሙር ለልጆች እያስጠኑ ዜማውን በብዙ ቦታ አቆይተውታል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ቡሄን የሚያውቁት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ጋር ለሃሎዊን ይዞራሉ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዘው ያድጋሉ።

መድረክ ግን በር አይደለም። መድረክ ላይ ስፖንሰሩ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ልጁ ለሁሉም አንድ ግጥም ያወርዳል። በር ላይ ግጥሙ እንደ ቤቱ ይለዋወጣል። የሆያ ሆዬ አውራጅ ጎበዝ የሚባለው ከውስጥ የሽንኩርት ሽታ ሲሸተው የባለቤቷን ሙያ የሚያነሣ፣ አዲስ ቆርቆሮ ሲያይ ለቤቱ የሚያወድስ፣ ሰውዬው ካልሰጠ ደግሞ ሳይሰድብ የሚጎሽም ነው። በንግድ ቋንቋ ልናገርና፣ ደንበኛን ማወቅ የሚሉት ይህንን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን በአንድ ሌሊት አርባ ጊዜ ይለማመደው ነበር። በመድረኩ ላይ ማንም «የማን ልጅ ነህ?» አይለውም፤ ስሙ በምዝገባው ወረቀት ላይ አለ።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልጨነቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ቤት ዝርዝር የለኝም ብትል ልጆቹ «ቴሌብር አለን» አሏት። ስትስቅ የታላቅ ወንድማቸውን ቁጥር ሰጧት። እነዚህ ልጆች ከሐጂ ተምር ከምንቀበለው ከእኛ በምን ያንሳሉ? ጓደኛዬን የጠየቅኋት ግን ሌላ ነው፤ የማን ልጆች እንደሆኑ። አላወቀችም። ፎቁን ብቻ ነው የምታውቀው፤ ከአራተኛው እንደወረዱ።

ዘንድሮ በእርስዎ ብሎክ

ምን ይደረግ ለሚሉ፣ የሚቻለው ከሚታሰበው ቀላል ነው። ብሎክዎ ውስጥ ልጆች ያሏቸውን ሦስት አራት ቤቶች ያነጋግሩ። ነሐሴ 12 ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት በር እንደሚከፈት ይስማሙ። ለልጆቹ የማያውቁት ቤት ሲሆን አንድ ትልቅ ሰው ደረጃው ላይ ይቁም፤ በሩ ላይ ግን አይቁም። ግጥሙን ከስልክ አያስጠኗቸው። ዜማውን አባት ወይም አጎት ያስይዛቸው፣ ስለየቤቱ ሁለት ሁለት ስንኝ ራሳቸው ይግጠሙ። መጀመሪያ ላይ አይገጥምላቸውም፤ ሦስተኛው ቤት ላይ ይስተካከላል። ሴቶች ልጆች ካሏችሁ የእንቁጣጣሹ አበባዬ ሆሽ ከሦስት ሳምንት ብዙም አይርቅም፤ መስማማቱን አንድ ላይ ይጨርሱት። ወንዶቹም በእስክሪፕቶና በከለር የሣሉትን ሥዕል ያኔ ይዞሩበታል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመውን አይግዙላቸው።

ጅራፍ ለከተማ ግቢ አይመከርም፤ ዓይን ያጠፋል። ልጁ ካላየው ግን አንድ ቀን ገላጣ ሜዳ ወስደው ያሳዩት። ርችት የእሱ ምትክ አይደለም፤ የሚገመድ ነገር የለውም።

ሙልሙሉን በተመለከተ፣ የስንዴውን ዱቄት ነሐሴ 11 ማታ በእርሾ አቡክተው ያሳድሩት፤ ጥቂት ጥቁር አዝሙድና ጨው ይበቃዋል። በማግሥቱ በእጅ ሞላላ አድርገው ይቅረጹት፤ በምጣድም በኦቭንም ይበስላል። ሰሊጥ ከነሰነሱበት የመተማ ሙልሙል ይሆንልዎታል። ትንንሽ ያድርጉት፤ ለአንድ ልጅ አንድ ሙሉ ይድረሰው እንጂ ቁራሽ አይስጡ። የክርስትና ልጅ ካለዎት ለእሱ ለብቻው ትልቅ ይጋገርለታል።

ሌላው ደግሞ የግቢው ጥበቃ ነው። የውጭ ልጆች ሲመጡ የሚመልሳቸው እንዲያደርግ ስለታዘዘ ነው፤ ስንት ልጅ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ቀደም ብለው ይንገሩት። ከየት አገር እንደመጣም ይጠይቁት። የኛ ግቢ ጥበቃ የደብረ ታቦር አካባቢ ሰው ነው፤ ባለፈው ዓመት ልጆቹን ካስገባ በኋላ ከኋላቸው ቆሞ «ሆ!» ሲል ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ሁለት ሙልሙል አስቀርተንለት ነበር፤ አንዱን በላ፣ ሌላውን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ።